ሳይሠራ የተሸጠ ቤት፦ የቤይጂያኦ ማስታወሻ

ቻይና ውስጥ ከጓንጆ ደቡብ ባቡር ጣቢያ ወደ ምዕራብ የሚወስደው የከተማ ባቡር፣ ቁጥር 7፣ መጨረሻው «ሜይዲ ዳዳኦ» የሚባል ፌርማታ ነው። ዳዳኦ ጎዳና ማለት ነው። ሜይዲ ደግሞ እኛ ሱቆቻችን ውስጥ «ሚዲያ» እያልን የምናውቀው የማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካ ነው። ፌርማታው ያለበት ከተማ ቤይጂያኦ ይባላል፤ በፎሻን፣ በሹንዴ ወረዳ ሥር ነው። ዱሮ የዓሣ ኩሬና የሐር ትል እርባታ አገር ነበር። አሁን ከባቡሩ ስትወጡ የሚቀበላችሁ ፎቅ ነው፣ ከፎቁ ጀርባም ሌላ ፎቅ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የፊኒሺንግ ዕቃ እነግዳለሁ። ፎሻን የምመላለሰው ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃና ቧንቧ ለማዘዝ ነው። በፊት በመጣሁባቸው ጊዜያት ናሙና ሳገላብጥ፣ ዋጋ ስከራከር፣ ኮንቴይነር ሳስጭን ሰንብቼ እመለሳለሁ እንጂ፣ ያ ሁሉ ሴራሚክ የሚነጠፍበትን ቤት ማን እንደሚሠራው፣ በማን ገንዘብ እንደሚሠራው ጠይቄ አላውቅም ነበር። በዚህኛው ጉዞ ያስጠየቀኝ ዋጋው ነው። 80 በ80 ፖርሲሊን ከለመድኩት በጣም ባነሰ ዋጋ አቀረቡልኝ። ለባለ አንድ ኮንቴይነር ደንበኛ ጊዜ ያልነበራቸው ሻጮች በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። አስተርጓሚዬን «ምን ተገኘ?» አልኳት።

«ቤት የሚገዛ ጠፋ» አለችኝ። «ቤት ካልተገዛ ሴራሚክ ማን ይገዛል?» ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እሁድ ሥራ የለንም፤ ከፈለጉ ነገሩ ከተጀመረበት ልውሰድዎት» አለች። ወደ ቤይጂያኦ የሄድነው እንዲህ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አገሬውም የሚያወራው በዚያው ነው።

የፎሻን ሸክላ የትናንት ሥራ አይደለም። ሺዋን በተባለው ሰፈር በሚንግ ነገሥታት ዘመን የተሠራ ናንፌንግ የሚባል እቶን አለ፤ 500 ዓመት ያህል እሳቱ ጠፍቶ አያውቅም ይላሉ። ዛሬ የምናየውን የሴራሚክ ፋብሪካ ብዛት ያመጣው ግን ያ እቶን አይደለም። ቻይና በ1998 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ቤት ማደላቸውን አስቁማ፣ ሰዉ ከገበያ ይግዛ ስትል የተከፈተው በር ነው። አብዛኛው ቤት ለገዢው የሚሰጠው «ማኦፒ» ሆኖ ነው፤ ግድግዳውና ኮርኒሱ ያልተለሰነ፣ ወለሉ ባዶ ኮንክሪት። ሴራሚኩን፣ በሩን፣ የኩሽና ቁም ሳጥኑን ባለቤቱ ራሱ ያስገባል። በእያንዳንዱ ማኦፒ ቤት ጀርባ የሚጠብቅ የፎሻን ፋብሪካ አለ ማለት ነው።

የቤይጂያኦው ኩባንያ ስሙ ቢጉይዩዋን ነው፤ ዓለም ካንትሪ ጋርደን ብሎ ያውቀዋል። ስሙን ያገኘው ቢጂያንግና ሳንጉይ ከሚባሉ ሁለት ጎረቤት መንደሮች ነው። መሥራቹ ያንግ ጉዎቺያንግ የዚሁ አካባቢ የገበሬ ልጅ ነው። ከብት ጠብቋል፣ አርሷል፣ በኋላ ግንበኛ ሆኗል፤ ከግንበኝነት ወደ ተቋራጭነት ያደገ ሰው ነው። በ1992 ግድም እዚህ የቅንጡ ቤቶች ሰፈር እንዲገነባ ሥራ ተሰጠው። ቤቶቹ ቆሙ፣ ገዢ ግን ጠፋ። አሠሪዎቹ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው «ቤቶቹን ሸጠህ ዋጋህን ውሰድ» ተባለ። ግንበኛው ቤት ሻጭ የሆነው እንግዲህ ያልተከፈለ ደሞዙን ፍለጋ ነው።

ከከተማ ርቆ በኩሬዎች መሀል ያለን ቤት ማን ይግዛ? መልሱ ትምህርት ቤት ሆነ። በ1994 ከቤጂንጉ ጂንግሻን ትምህርት ቤት ጋር ተስማምተው በሰፈሩ ውስጥ ትልቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያን ጊዜ በክፍለ ሀገሩ በጓንግዶንግ አዲስ ገንዘብ ያገኙ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ለልጃቸው ትምህርት የማይከፍሉት ዋጋ አልነበረም። ወላጆች ልጃቸው ሲጨርስ የሚመለስላቸው እስከ 300 ሺህ ዩዋን የሚደርስ ተቀማጭ አስያዙ። ተቀማጩ ለግንባታው ነፍስ ዘራበት፤ ትምህርት ቤቱም ቤቶቹን አሸጠ። አስተርጓሚዬ በአጥሩ በኩል እያሳየችኝ ይህን ስትነግረኝ ብዙ ቆሜ አየሁት። ኩባንያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተማረው ትምህርት ይህ ነው፤ ሰው ለነገ በከፈለው ገንዘብ ዛሬን መሥራት።

ያንግን ላጣጥለው አልፈልግም። ድህነትን በባዶ እግሩ ያወቀ ሰው ነው። በ2002 እዚሁ ሹንዴ ውስጥ ጎበዝ ሆነው የሚከፍሉት ያጡ ልጆች ያለ አንዳች ክፍያ የሚማሩበት ጉዎኋ የሚባል ትምህርት ቤት ከፍቷል። «ባለ አምስት ኮከብ ቤት እንስጥዎት» የሚለው የኩባንያው መፈክርም ለብዙ ቤተሰብ ባዶ ቃል አልነበረም፤ ሊፍትና የአትክልት ቦታ ያለው ቤት ከዚያ በፊት በሕልማቸው ያላዩ ሰዎች ገብተውበታል። በ2007 አክሲዮኑ ሆንግ ኮንግ ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ድርሻውን የሰጣት ልጁ ያንግ ሁዪያን በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሳለች ከእስያ ባለጸጎች ተርታ ገባች። በ2017 የኩባንያው የዓመት ሽያጭ ከ550 ቢሊዮን ዩዋን አልፎ በቻይና አንደኛ ሆነ።

ይህ ሁሉ የሚሠራበትን መንገድ ለመረዳት እኔ የገዛ ንግዴን ማሰብ ነበረብኝ። ሴራሚክ ሳዝ 30 በመቶ ቅድሚያ እከፍላለሁ። የቀረውን 70 በመቶ የምከፍለው ዕቃው ተመርቶ፣ ካርቶኑ ተከፍቶ ታይቶ፣ ኮንቴይነሩ ሲጫን ነው። ፎሻን ውስጥ ከዚህ ውጭ የሚነግድ የምናውቀው ሰው የለም፤ ሻጩም ቅር አይለውም። የቻይናው ቤት ገዢ ግን፣ እኔ ባለሁበት አገር፣ ከማዝዝበት ፋብሪካ ጎረቤት፣ ሌላ ውል ነው የሚፈርመው። በ1994 የወጣው የከተማ ሪል ስቴት ሕግ ቤት ሳይሠራ እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ የመሬቱ ዋጋ ተከፍሎ፣ ፈቃድ ወጥቶ፣ ከግንባታው ወጪ 25 በመቶ ከወጣ በቂ ነው። ለረጅም ጊዜ ገዢው 30 በመቶ ያህል ከኪሱ ያወጣ ነበር። የቀረውን ባንኩ ገና ሕንፃው ሳያልቅ ለኩባንያው ይለቅለታል። ገዢው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ብድሩን ይከፍላል። ቤቱን የሚያየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በተጨማሪም 100 ካሬ ብሎ የከፈለበት ቤት ውስጥ ሲገባ 75 ወይም 80 ካሬ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ደረጃው፣ ሊፍቱና ኮሪደሩ ለነዋሪው ተከፋፍሎ በካሬው ውስጥ ይታሰባል። ይህን «ጎንግታን» ይሉታል።

ለአንድ ኮንቴይነር ሸክላ የምንጠይቀውን ዋስትና ለሕይወት ዘመን ቤት የማይጠይቅ ውል ልቤ ሊቀበለው አልቻለም። አሁንም አልተቀበለውም።

አስተርጓሚዬ ከቤይጂያኦ ስንመለስ አንድ የሽያጭ አዳራሽ አስገባችኝ፤ የሌላ ኩባንያ ነው። አዳራሹ መሀል የሰፈሩ ሞዴል ተዘርግቷል። በየመስኮቱ ሚጢጢ መብራት በርቷል፣ ኩሬው ላይ ጣት የማታክል ጀልባ ተቀምጣለች። ሻጯ ነጭ ጓንት አጥልቃ በቀይ ብርሃን ትጠቁማለች። ከዚያ ናሙና ቤቱን አሳየችን። ሜትር ከኪሴ አይለይምና የመኝታ ቤቱን አልጋ ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከሰባ ነው። ሰው የሚተኛበት አልጋ ሁለት ሜትር ነው። የመኝታ ቤቱና የመታጠቢያው በሮች አልተገጠሙም፣ ክፍሉ ሰፊ መስሎ እንዲታይ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሴራሚክ ግን ጥሩ ነበር፣ መጋጠሚያው ፀጉር አያሳልፍም። እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ሠራተኞች የያዘ ኩባንያ አልጋ ማሳጠር ለምን አስፈለገው?

ካንትሪ ጋርደን ከሌሎቹ የሚለየው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ትልልቆቹን ከተሞች ትቶ ትንንሾቹ ላይ መዝመቱ ነው፤ ካርታ ላይ ስማቸውን አጎንብሳችሁ የምትፈልጓቸው የአውራጃ ከተሞች ድረስ ገባ፣ እስከ 2023 ከ3,000 በላይ ፕሮጀክት ያዘ። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። በኩባንያው «አራት፣ አምስት፣ ስድስት» ይባል ነበር። መሬቱ በተያዘ በአራት ወር ሽያጭ መክፈት፣ በአምስተኛው ወር ገንዘቡን መመለስ፣ በስድስተኛው ወር በዚያው ገንዘብ ሌላ መሬት መያዝ። ፍጥነቱ ዋጋ ነበረው። በሐምሌ 2018 አንሁይ ክፍለ ሀገር፣ ሉአን ከተማ ባለ ሳይቱ የሠራተኞች መጠለያ ተደርምሶ 6 ሰዎች ሞቱ።

የጉዳዩን ሥር ከጠየቃችሁኝ እኔ የማየው ይህችን ስድስተኛ ወር ነው። ገዢው የከፈለው ለሦስተኛው ብሎክ ሰባተኛ ፎቅ ነው። ገንዘቡ ግን በሌላ ከተማ መሬት ሆኗል። ሕጉ ቅድሚያ ክፍያው ክትትል በሚደረግበት ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ ይላል፤ ሒሳቡ ግን በብዙ ቦታ አፈሰሰ። ያፈሰሰውም በኩባንያው ብልጠት ብቻ አልነበረም። የአካባቢው አስተዳደር ከሚኖርበት ገቢ አንዱ ትልቅ ምንጭ የመሬት ሽያጭ ነበር። እዚያ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ለ70 ዓመት ነው። እኛ ሊዝ የምንለው ነገር ነው፤ የእኛው ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ኩባንያው መሬት መግዛቱን ካቆመ አስተዳደሩ ደሞዝ፣ መንገድና ሆስፒታል ከምን ያመጣል? ስለዚህ ተቆጣጣሪውም ሻጩም አንድ ወገን ሆኑ። ገዢው ብቻውን ቀረ።

በታኅሣሥ 2016 የቻይና አመራር «ቤት መኖሪያ እንጂ መነገጃ አይደለም» ብሎ ነበር፤ በነሐሴ 2020 ደግሞ ሦስት ቀይ መስመሮች አሰመረ። ዕዳ ከሀብት፣ ዕዳ ከካፒታል፣ በእጅ ያለ ገንዘብ ከአጭር ጊዜ ብድር ጋር ተመዝኖ ሦስቱንም ያለፈ ኩባንያ ዕዳውን መጨመር አይችልም ተባለ። በመጀመሪያ የወደቀው ትልቅ ስም በ1996 ሹ ጂያዪን ጓንጆ ውስጥ የመሠረተው ኤቨርግራንድ ነው። ዕዳው ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በጥር 2024 የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወሰነበት፤ በነሐሴ 2025 አክሲዮኑ ከገበያው ተሰረዘ። ካንትሪ ጋርደን በዚያን ጊዜ ጤነኛው ተብሎ ይቆጠር ነበር። ነገር ግን በነሐሴ 2023 22.5 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በቀኑ መክፈል አቃተው። አጠቃላይ ዕዳው 1.4 ትሪሊዮን ዩዋን ለነበረ ኩባንያ ይህች ገንዘብ የቁራሽ ያህል ናት። ገዢ ሲያቆም ስድስተኛው ወር ይቆማል፤ ስድስተኛው ወር ሲቆም ሁሉም ይቆማል። መሥራቹ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወንበሩን ለልጁ አስረክቦ ነበር።

አስተርጓሚዬ ስለ ራሷ የነገረችኝ በሁለተኛው እሁድ ነው። ከጓንጆ በስተ ሰሜን ወዳለችው ቺንግዩዋን ወሰደችኝ፤ እናቷን አብረን አገኘናቸው። «አዪ በሏቸው» አለችኝ፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው፣ አገሩ ለእናት አቻ ሰው የሚሰጠው መጠሪያ ነው። አዪ የጨርቅ ኮፍያ አድርገው፣ ውኃ የያዘ ፍላስክ አንጠልጥለው ይጠብቁን ነበር። ሰላሳ ዓመት ያህል ስፌት ፋብሪካ ሠርተዋል። በግንቦት 2019 ያጠራቀሙትንና የሟች ባላቸውን ገንዘብ ለቅድሚያ ክፍያ ሰጥተው፣ ብድሩን በልጃቸው ስም ወስደው፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዙ። በ2021 መጨረሻ ትረከባላችሁ ተብለው ነበር። የኩባንያውን ስም ነግረውኛል፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ቦታው በሰማያዊ ቆርቆሮ ታጥሯል። ዘበኛው አዪን ስለሚያውቃቸው ዝም ብሎ አሳለፈን። ክሬኑ ተነቅሎ ሄዷል። ከኮንክሪቱ ጫፍ የወጣው ፌሮ ዝጎ፣ ዝናብ ሲያጥበው ግድግዳው ላይ ቡናማ መስመር አስምሯል። በመጀመሪያው ፎቅ የሲሚንቶ ከረጢቶች እንደተደረደሩ ድንጋይ ሆነዋል፤ በእጄ ስነካቸው የከረጢቱ ወረቀት ተልጦ ቀረ። አዪ ወደ ላይ እያዩ በጣታቸው ፎቁን ቆጠሩ። እኔም ከእሳቸው ጋር ቆጠርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ላይ አለቀ።

«የእርስዎ ስንተኛው ነው?» አልኳቸው በልጃቸው በኩል።

«ሃያ ሦስተኛው» አሉና ጣታቸውን ከመጨረሻው ኮንክሪት በላይ፣ ወደ ሰማዩ አነሱት።

እንዲህ ያለውን ሕንፃ ቻይናውያን «ላንዌይሎው» ይሉታል፤ ጅራቱ የበሰበሰ ፎቅ ማለት ነው። በ2022 ክረምት ጂንግደጀን የምትባለው የሸክላ ከተማ ያሉ ገዢዎች «ቤቱ ካልቀጠለ ብድር አንከፍልም» ብለው ደብዳቤ አወጡ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ300 በላይ በሚሆኑ ፕሮጀክቶች ያሉ ገዢዎች ተከተሏቸው። አዪና ልጃቸው አልተከተሉም። ብድሩ ከተቋረጠ የልጅቷ ስም ባንክ ቤት ይበላሻል፤ ሥራዋም በስሟ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በየወሩ በ20ኛው ቀን የሌለ ቤት ብድር ይከፍላሉ፤ ለሚኖሩበት ክፍል ደግሞ ኪራይ።

መንግሥት ዝም አላለም፤ ይህንን መናገር ተገቢ ነው። «ባኦጂያኦሎው»፣ ቤቱን አስረክቡ፣ የሚል ዘመቻ ተነሳ፤ በ2022 ግንባታቸው የቆመ ሕንፃዎችን ለማስጨረስ 200 ቢሊዮን ዩዋን ልዩ ብድር ተመደበ፤ ከጥር 2024 ጀምሮ ደግሞ ገንዘብ ቢያገኙ ሊያልቁ የሚችሉ ፕሮጀክቶች ስም ዝርዝር ለባንኮች ይቀርባል። ካንትሪ ጋርደን ራሱ ዕዳውን መክፈል ባቃተው በ2023 ከ600 ሺህ በላይ ቤት አስረክቧል። የብዙ ሰው እንባ የታበሰው በዚህ ነው። የአዪ ሕንፃ ግን እስካየሁበት ቀን ድረስ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

እኔ ትክክለኛ ነው የምለው ሃይናን ደሴት ያደረገችውን ነው። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በአዲስ በተሰጠ መሬት ላይ የሚሠራ ቤት ካላለቀ አይሸጥም ብላለች። ኩባንያው በራሱ ገንዘብና በራሱ ብድር ይሠራል፤ ገዢው በሩን ከፍቶ፣ ቧንቧውን አዙሮ፣ ወለሉን ረግጦ ይከፍላል። ቤት ይወደዳል ይላሉ፤ ሊወደድ ይችላል። ግን የተወደደ ቤት ቢያንስ ቤት ነው።

በመጨረሻው ማታ ሺያኦቤይ ሰፈር፣ ጓንጆ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ለእኛ ነጋዴዎች ዕቃ የሚያስጭኑልን ጋሼ ቤት እራት በላሁ። ያየሁትን ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ፣ አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞችህስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛም አገር በሥዕል የተሸጠ አፓርታማ አለ፤ ከፍሎ ዓመታት የሚጠብቅ አለ። በዓረብ አገርና በአሜሪካ በፈረቃ ሠርተው በልጅነት ሰፈራቸው ለሚሠራ ቤት ገንዘብ የላኩ እህቶችና ወንድሞች ሳይቱን በስልክ ፎቶ ብቻ ነው የሚያውቁት። ሕግ የምታወጡ፣ ሕግ የምታስፈጽሙ፣ ይህችን ብቻ ለምኛችኋለሁ፦ የገዢው ገንዘብ ከፎቁ ጋር እኩል ይውጣ። ሰባተኛው ፎቅ ሲቆም የሰባተኛው ፎቅ ገንዘብ ይለቀቅ፤ ከዚያ ሳይት ወጥቶ ሌላ መሬት አይግዛ። ገዢዎችም ከመፈረማችሁ በፊት ሰው ልካችሁ ፎቁን አስቆጥሩ።

ያን እሁድ ቺንግዩዋን ላይ ስንለያይ አዪ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የናሙና መጽሐፍ አይተው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ገጽ በገጽ አገላበጡ፤ ለኩሽና ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ያለውን መረጡ። ቁጥሩን በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ አጥፈው ኮፍያቸው ውስጥ አስቀመጡት። የብድራቸው የመጨረሻ ክፍያ ግንቦት 2049 ነው።